ምዕራፍ ስድስት፦ አራት በሮች፣ አራት ፓስፖርቶች

በላትቪያ ዋና ከተማ በሪጋ፣ ከዳውጋቫ ወንዝ ዳር ኬንጋራግስ የሚባል ሰፈር አለ። በሶቪየት ዘመን በተሠሩ፣ እንደ መንታ በሚመሳሰሉ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻዎች የተሞላ ነው። ከእነዚህ ሕንጻዎች በአንዱ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣ አንድ ደረጃ የሚጋሩ አራት በሮች እናስብ። በሮቹና ከበሮቹ ጀርባ ያሉት ሰዎች የሐሳብ ናቸው። የሚገዛቸው ሕግ ግን የእውነት ነው።

በአራቱም ቤት የሚነገረው ሩሲያኛ ነው። የአዲስ ዓመት ዋዜማ ሌሊት በአራቱም ቤት ብርጭቆ ሁለቴ ይነሳል፤ አንዴ በሞስኮ ሰዓት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ በሪጋ ሰዓት። ጎረቤታሞቹ ጨው ይበዳደራሉ፣ ሊፍቱ ሲበላሽ አብረው ያማርራሉ። የፓስፖርት መቆጣጠሪያ መስኮት ፊት ሲቆሙ ግን አራት ዓይነት ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያው በር አዛውንት የላትቪያ ዜጋ ናቸው፤ ለዚያም ፈተና አልተቀመጡም። ቬፍ በተባለው የሬድዮና የስልክ ፋብሪካ ዕድሜያቸውን የጨረሱት የሁለተኛው በር ጡረተኛ እናት ሐምራዊ ሽፋን ያለው ፓስፖርት ይዘዋል፤ ያተመችላቸው ላትቪያ ናት፣ ፓስፖርቱ ግን የላትቪያ ዜጋ አለመሆናቸውን ይመሰክራል። የሦስተኛዋ ጎረቤት ፓስፖርት ሁለት ራስ ያለው ንስር የታተመበት የሩሲያ ፓስፖርት ነው። አራተኛው ወጣት እንደ መጀመሪያው አዛውንት ዜጋ ነው፤ እሱ ግን ዜግነቱን ያገኘው ቋንቋና ታሪክ ተፈትኖ፣ የብሔራዊ መዝሙሩን ስንኞች አጥንቶ ነው።

እነዚህን ሰዎች የለያቸው ዘርም፣ ቋንቋም፣ ሀብትም አይደለም። መጀመሪያ የለያቸው አንድ ቀን ነው፦ ጁን 17 ቀን 1940። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከአራቱ ሦስቱ በዚያን ቀን አልተወለዱም ነበር። ቀኑ ግን ከመወለዳቸው በፊት መዝግቧቸዋል።

ታንኩ የገባበት ቀን

ላትቪያ ነጻነቷን ያወጀችው በኖቬምበር 18 ቀን 1918፣ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ከፈረሰ በኋላ ነበር። ነጻነቱ 22 ዓመት እንኳ አልሞላውም። በኦገስት 1939 ናዚ ጀርመንና ሶቪየት ኅብረት ባደረጉት ምስጢራዊ ስምምነት ምሥራቅ አውሮፓን ተከፋፈሉ፤ ላትቪያ በስታሊን ድርሻ ወደቀች። በቀጣዩ ዓመት ጁን 17 የቀይ ጦር ታንኮች ሪጋ ገቡ። በኦገስት ላትቪያም፣ ኢስቶኒያም፣ ሊትዌኒያም የሶቪየት ኅብረት ሪፐብሊኮች ተባሉ።

አሜሪካ ግን በጁላይ 23 ቀን 1940 ይህን ንጥቂያ እንደማትቀበል አስታወቀች፤ በአቋሟም ኅብረቱ እስኪፈርስ ጸናች። በዋሽንግተን የነበረው የላትቪያ ሌጋሲዮን ግማሽ ምዕት ዓመት ሙሉ በሩን ሳይዘጋ ቆየ። አገሩ በካርታ ላይ ሳይኖር ሌጋሲዮኑ የማን ነበር? መልሱ የሕግ ሰዎች መልስ ነው፦ ላትቪያ ተይዛለች እንጂ አልሞተችም። ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር ኋላ የመቶ ሺዎችን ዕጣ ወሰነች።

መሬት ላይ ግን ሰው ይወጣ፣ ሰው ይገባ ነበር። በጁን 1941 ወደ 15,000 የሚጠጉ ሰዎች ከላትቪያ ተግዘው ወደ ሶቪየት ኅብረት ውስጠኛ ክፍል ተወሰዱ። ናዚዎች በተራቸው ገብተው የአገሪቱን አይሁዶች ፈጁ። ሶቪየቶች ተመልሰው በማርች 1949 ከ42,000 በላይ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ከገጠር፣ ሴትና ሕጻን ሳይለዩ በባቡር ጭነው ወደ ሳይቤሪያ ላኩ። ሰው በጎደለበት ምድር ላይ ፋብሪካ ተተከለ፤ ፋብሪካው እጅ ፈለገ። እጁ ከሩሲያ፣ ከቤላሩስና ከዩክሬን መጣ። ሪጋ የባልቲክ ወታደራዊ ቀጠና ዋና መምሪያ ስለነበረች ጡረታ የወጡ መኮንኖችም እዚያው ጎጆ ቀለሱ።

በባቡር የመጣችው ወጣት ሠራተኛ ራሷን ወራሪ ነኝ ብላ አላሰበችም። ሥራ አለ ተባለች፣ መኖሪያ ይሰጣል ተባለች፤ በአንድ አገር ውስጥ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሄደች ነው የመሰላት። ለላትቪያዊው ገበሬ ግን ወንድሙን ሳይቤሪያ ያወረደውና እሷን ሪጋ ያመጣው መንግሥት አንድ ነበር። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው፤ የዚህ ምዕራፍ ችግር ሁሉ ከዚያ ይመነጫል።

ቆጠራው ውጤቱን ያሳያል። በ1935 ላትቪያውያን ከአገሪቱ ሕዝብ ሦስት አራተኛው ነበሩ። በ1989 ወደ 52 በመቶ ወረዱ፤ ሩሲያውያን ደግሞ 34 በመቶ ደረሱ። በዋና ከተማዋ በሪጋማ ላትቪያውያን አናሳ ሆነው ነበር።

የመጀመሪያው በር አዛውንት ከዚህ ፍልሰት ውጭ ናቸው። የእሳቸው ቅድመ አያቶች በ17ኛው ክፍለ ዘመን በሩሲያ ቤተ ክርስቲያን የሥርዓት ለውጥ ሲመጣ፣ “አባቶቻችን በሁለት ጣት ያማተቡትን እኛ በሦስት አናማትብም” ብለው ከተሰደዱት ከብሉይ አማኞች ወገን ናቸው። ማኅበረሰባቸው በሪጋ የጸሎት ቤት ያቋቋመው በ1760 ነው። በ1940 ታንኩ ሲገባ እነሱ የላትቪያ ዜጎች ነበሩ። ስለዚህ ዘራቸው ሩሲያዊ፣ ቋንቋቸው ሩሲያኛ ቢሆንም ነጻነት ሲመለስ ዜግነታቸው አብሮ ተመለሰ። “ላትቪያ ሩሲያውያንን ዜግነት ነፈገች” የሚለው አባባል በዚህ በር ሲያልፍ ይሰናከላል። ሕጉ የጠየቀው ‘ዘርህ ማነው?’ ብሎ አይደለም። ‘ያን ቀን ወገንህ ዜጋ ነበር ወይ?’ ብሎ ነው።

ባለቤቱና ቁልፍ የያዘው

በማርች 3 ቀን 1991፣ ሶቪየት ኅብረት ገና ሳይፈርስ፣ በላትቪያ ስለ ነጻነት የሕዝብ ድምፅ ተሰጠ። ድምፅ መስጠት የሚችለው ቋሚ ነዋሪ ሁሉ ነበር። ከመራጩ ከ73 በመቶ በላይ የሚሆነው ነጻነትን ደገፈ። ላትቪያውያን ከሕዝቡ ግማሹን እምብዛም በማይበልጡበት አገር ይህ ቁጥር ያለ ሩሲያኛ ተናጋሪዎች ድምፅ የሚገኝ አልነበረም። የሁለተኛው በር እናትም ያን ቀን ‘አዎ’ ካሉት አንዷ ናቸው እንበል።

በኦገስት 21 ነጻነቱ ሙሉ ሆነ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በኦክቶበር 15፣ የላትቪያ ከፍተኛ ምክር ቤት ውሳኔውን አሳለፈ፦ በጁን 17 ቀን 1940 ዜጎች የነበሩና ከእነሱ የተወለዱ ዜግነታቸው የጸና ነው፤ የቀረው ሕግ እስኪወጣለት ይጠብቅ። በማርች ስለ አገሩ ዕጣ የተጠየቀው ሰው በኦክቶበር የአገሩ ዜጋ ሳይሆን ቀረ። በጁን 1993 የመጀመሪያው የምክር ቤት ምርጫ ሲደረግ የሁለተኛው በር እናት ቤታቸው ቁጭ ብለው ውጤቱን በሬድዮ ሰሙ።

የውሳኔውን አመክንዮ ለመረዳት ከሃምሳ ዓመት በኋላ ወደ ተወረሰ ቤቱ የተመለሰ ሰው እናስብ። ቤቱ ውስጥ ሰዎች ይኖራሉ። ቤቱን የነጠቁት እነሱ አይደሉም፤ ነጣቂው ቁልፍ ሰጥቷቸው ገቡ እንጂ። ልጆቻቸው እዚያው ተወልደዋል፣ ጣሪያውን ጠግነዋል። ባለቤቱ እንዲህ ይላል፦ “ውጡ አልልም። ግን ቤቱ የእኔ ነው፤ የቤተሰቡ አባል ለመሆን በሩን አንኳኩና ጠይቁ።” ነዋሪዎቹ ደግሞ ይመልሳሉ፦ “ምን ብለን እናንኳኳለን? እኛኮ ውስጥ ነን!” የላትቪያና የኢስቶኒያ የሠላሳ ዓመት ክርክር ከዚህ ንግግር ብዙም አልራቀም።

ሦስቱ የባልቲክ አገሮች መልሳቸው አንድ አልሆነም። ሊትዌኒያ ገና በኖቬምበር 1989 ባወጣችው ሕግ በግዛቷ በቋሚነት የሚኖረው ሁሉ ከፈለገ ዜጋ እንዲሆን በሯን ከፈተች። እዚያ ሊትዌኒያውያን ከሕዝቡ 80 በመቶ ያህል፣ ሩሲያውያን ደግሞ ከ10 በመቶ በታች ነበሩ፤ ቁጥሩ አያስፈራም። ኢስቶኒያ ግን በ1934 ከሕዝቡ 88 በመቶ የነበሩት ኢስቶኒያውያን በ1989 ወደ 61 በመቶ ወርደውባት ነበርና በፌብሩዋሪ 1992 የ1938ቱን የዜግነት ሕጓን እንደገና ሥራ ላይ አዋለች። ያው መርህ ነው፦ አገሩ አዲስ አልተወለደም፣ ስለዚህ ዜጎቹም የድሮዎቹ ናቸው።

መርሁ ፍርሃት ብቻ የወለደው አልነበረም። ‘አዲስ አገር ነን’ ቢሉ የሃምሳ ዓመቱን ወረራ ሕጋዊ ነበር ብሎ እንደ መቀበል ይቆጠርባቸዋል። ‘የድሮዋ አገር ነን’ ሲሉ ደግሞ የድሮውን የዜጎች መዝገብ ይዘው መነሳት ግድ ሆነባቸው። ስለ አገር ዕድሜ የተሰጠ መልስ የሰዎችንም መልስ ይዞ መጣ።

ሐምራዊው ሽፋን

የሁለተኛው በር እናት ለዓመታት በእጃቸው የነበረው የሞተ አገር ፓስፖርት ነበር። የላትቪያ የዜግነት ሕግ እስከ ጁላይ 1994 አልወጣም። እንደ እሳቸው ያሉትን የሚመለከተው ሕግ ደግሞ የጸደቀው በኤፕሪል 12 ቀን 1995 ነው። ሕጉ የላትቪያም ሆነ የሌላ አገር ዜግነት ለሌላቸው የቀድሞ የሶቪየት ኅብረት ዜጎች ልዩ ደረጃ ፈጠረ። ያኔ በዚህ ደረጃ የገቡት ወደ 730,000 የሚጠጉ ነበሩ፤ ከአገሪቱ ነዋሪ ከሩብ በላይ። በላትቪያ ቋንቋ ‘ኔፒልሶኒስ’ ይባላሉ፤ ቃል በቃል ‘ዜጋ ያልሆነ’ ማለት ነው። በመካከላቸው ቤላሩሳውያን፣ ዩክሬናውያንና ፖላንዳውያንም አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ሩሲያውያን ናቸው።

በሕግ ዓይን ምንድን ናቸው? የላትቪያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2005 በሰጠው ፍርድ ዜጋም፣ የውጭ አገር ሰውም፣ ሀገር አልባም አይደሉም አለ። ዓለም አቀፉ ሕግ ከዚያ በፊት ያላወቀው አዲስ ዓይነት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ግን በአኃዛዊ ሰነዶቹ ከሀገር አልባዎች ጋር ይቆጥራቸዋል። አንዱን ሰው ሁለት መዝገብ በሁለት ስም ይጠራዋል።

ሐምራዊው ፓስፖርት የሚሰጠው ጥቂት አይደለም። ያዡ በላትቪያ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ አያስፈልገውም። ወደ ውጭ ሄዶ መመለስ መብቱ ነው፤ ውጭ አገር ችግር ቢገጥመው የላትቪያ ኤምባሲ ይደርስለታል። ይሠራል፣ ይማራል፣ ይታከማል፣ ጡረታ ይቀበላል። ከጃንዋሪ 2007 ጀምሮ ያለ ቪዛ በሼንገን አገሮች መጓዝ ቻለ።

የማይሰጠው ግን መሠረታዊ ነው። ያዡ ለምክር ቤት አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ ለከተማ አስተዳደርም እንዲሁ። ዳኛ፣ ፖሊስ ወይም የመንግሥት ሹም መሆን አይችልም። ላትቪያ በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆን ዜጎቿ በየአገሩ ሄደው እንዲሠሩ በር ተከፈተላቸው፤ ለሐምራዊው ያዥ ግን ጉብኝት እንጂ ሥራ በነጻ አልተፈቀደም። በፌብሩዋሪ 2012 ሩሲያኛ ሁለተኛ የመንግሥት ቋንቋ ይሁን ወይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ሲጠራ፣ ጥያቄው ከማንም በላይ የሚመለከታቸው እነዚህ ሰዎች የድምፅ መስጫ ወረቀት አልደረሳቸውም። ሐሳቡ በ75 በመቶ ያህል ድምፅ ተቃውሞ ወደቀ። በምሥራቁ ከተማ በዳውጋቭፒልስ ግን ብዙው መራጭ ደግፎት ነበር። አንዲት አገር በአንድ ቀን ሁለት ልብ እንዳላት አሳየች።

መስኮቶቹ

የ1994ቱ ሕግ ሲረቀቅ ዜግነት የሚሰጠው በየዓመቱ በተወሰነ ኮታ ይሁን የሚል ወገን አሸንፎ ነበር። ፕሬዚዳንት ጉንቲስ ኡልማኒስ ረቂቁን ለምክር ቤቱ መለሱት። ኮታው ወጥቶ በቦታው ‘መስኮቶች’ የተባለው አሠራር ገባ። ሰው ሁሉ በፈለገበት ጊዜ አያመለክትም፤ ተራ አለው። በ1996 ላትቪያ ውስጥ የተወለዱ ከ16 እስከ 20 ዓመት ያሉ ወጣቶች ይገባሉ፣ በየዓመቱ የዕድሜው ጣሪያ ከፍ ይላል። ከላትቪያ ውጭ የተወለደ ሰው ግን ተራው ከ2001 በፊት አይደርስም።

የሆነው ሁሉም የገመተው አልነበረም። መስኮቱ የተከፈተላቸው ወጣቶች አልተሻሙበትም። ይልቅ ጥቂቶች ብቻ መጡ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ዜጋ የሆነ ወንድ ለውትድርና ይጠራል፣ ዜጋ ያልሆነው አይጠራም። ፈተናው በላትቪያ ቋንቋ ነው፤ በሩሲያኛ ተምሮ በሩሲያኛ ፋብሪካ ለሠራ ሰው ቀላል አልነበረም። ከሁሉ ጠልቆ የሚገኘው ምክንያት ግን ኩራት ነው። እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ሠርቼ፣ ነጻነቱንም በድምፄ ደግፌ፣ አሁን ለራሴ አገር ማመልከቻ ልጻፍ? የሚል።

የአውሮፓ የጸጥታና ትብብር ድርጅት፣ በተለይም የአናሳ ብሔሮች ኮሚሽነሩ ማክስ ቫን ደር ስቱል፣ ላትቪያ መስኮቶቹን አንስታ በሩን እንድትከፍት ደጋግሞ መከረ። በኦክቶበር 3 ቀን 1998 ነገሩ ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ ዜጎች ማሻሻያውን በጠባብ ልዩነት አጸደቁት። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት በቋሚነት የኖረ ሁሉ ማመልከት ቻለ። ከነጻነት በኋላ የተወለዱ የሐምራዊ ያዦች ልጆችም በወላጆቻቸው ጥያቄ ያለ ፈተና እንዲመዘገቡ ተፈቀደ። ከ1995 ጀምሮ ተፈትነው ዜጋ የሆኑት ከ140,000 በላይ ናቸው። ብዙዎቹ የመጡት አገሪቱ የአውሮፓ ኅብረት አባል በሆነችበት ወቅት ነበር። በመዝሙሩ ያልተማረከውን የደብሊንና የለንደን ሥራ ማረከው።

የአራተኛው በር ወጣት ከእነሱ አንዱ ነው። የዚህ መንገድ ታዋቂ ተጓዥ ኒልስ ኡሻኮቭስ ናቸው። በ1976 ሪጋ ተወልደው፣ ዜግነት ያገኙት በ1999 ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የሪጋ ከንቲባ ሆኑ፣ ሥልጣኑንም እስከ 2019 ያዙት። ሕጉ ያስገባል ለሚለው ወገን እሳቸው ምስክር ናቸው። ከንቲባው ሐምራዊ ፓስፖርታቸውን ባይቀይሩ ኖሮ ለራሳቸው እንኳ ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር የሚለውም ወገን የሚጠቅሰው እሳቸውን ነው።

ከወንዙ ማዶ

ኢስቶኒያ ውስጥ ፓስፖርቱ ግራጫ ነው፤ ያዦቹም ‘ዜግነታቸው ያልተወሰነ’ ይባላሉ። ክርክሩ እሳት ሊሆን የደረሰው በናርቫ ነበር። ናርቫ ከሩሲያ የሚለያት አንድ ወንዝ ነው፤ በወንዙ ግራና ቀኝ ሁለት ጥንታዊ ምሽጎች፣ የናርቫውና የኢቫንጎሮዱ፣ ፊት ለፊት ተፋጠው ቆመዋል። ከተማዋ በ1944 በቦምብ ፈረሰች፤ ከጦርነቱ በኋላ የሶቪየት መንግሥት የቀድሞ ነዋሪዎቿ እንዲመለሱ አልፈቀደም፤ አዳዲስ ሠራተኞችን አሰፈረባት። ዛሬ ነዋሪዋ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሩሲያኛ ተናጋሪ ነው።

በ1993 የኢስቶኒያ ምክር ቤት የውጭ ሰዎች ሕግ አወጣ። በአገሪቱ ዕድሜያቸውን የኖሩ ሰዎች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ እንዲያመለክቱ የሚያዝ ነበር። ናርቫ ‘ነገ ያባርሩናል’ ብላ ተነሳች። ፕሬዚዳንት ሌናርት ሜሪ ሕጉን ሳይፈርሙ ለአውሮፓ ባለሙያዎች አስመርምረው ለምክር ቤቱ መለሱት፤ ተሻሽሎም ጸደቀ። ናርቫና ጎረቤቷ ሲላሜ ግን በጁላይ 16 እና 17 የራስ ገዝነት ሕዝበ ውሳኔ አካሄዱ። ድምፅ ከሰጡት እጅግ የሚበዙት ደገፉ። መንግሥት ጦር አላዘመተም። ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ተወው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኦገስት ውሳኔውን ሻረ፤ ከተሞቹም ፍርዱን ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ዩጎዝላቪያ በደም ስትታጠብ ናርቫ ውስጥ ጥይት አልተተኮሰም።

ኢስቶኒያ አንድ ነገር ከላትቪያ ለይታ አድርጋ ነበር። ቋሚ ነዋሪ ሁሉ፣ ዜጋ ባይሆንም፣ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ ይሰጥ ነበር። በማርች 2025 ግን ምክር ቤቱ በ93 ለ7 ድምፅ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ይህን መብት ከሩሲያና ከቤላሩስ ዜጎች አነሳ። ግራጫ ፓስፖርት ያዦች በዚያው ዓመት ኦክቶበር ለመጨረሻ ጊዜ እንዲመርጡ ተተወላቸው። ምክንያቱ ሩሲያ በ2022 ዩክሬን ላይ የከፈተችው ሙሉ ጦርነት ነው።

ስትራስቡርግ ስትጠየቅ

በአገር ውስጥ መልስ ያጡ ጥያቄዎች ስትራስቡርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄዱ። ሦስት ፍርዶች መንገዱን ያሳያሉ።

የመጀመሪያው በ2003 የተሰጠ ነው። በሕጻንነቷ ላትቪያ የገባች እናትና እዚያው የተወለደች ልጇ፣ የቤቱ አባወራ የሶቪየት መኮንን ስለነበር የሩሲያ ጦር በ1994 ሲወጣ አብረው መውጣት አለባቸው ተብለው ከአገር ተባረሩ። ፍርድ ቤቱ ሰው ዕድሜውን የገነባበትን ኑሮ ‘የወታደር ቤተሰብ’ ብሎ በጅምላ መንቀል የግል ሕይወት መብትን ይጥሳል አለ።

ሁለተኛው በ2009 ነው። አንዲት ሐምራዊ ያዥ ላትቪያ ውስጥ ባለ ፋብሪካ ለዓመታት ሠርታለች። መሥሪያ ቤቷ ግን በወረቀት የኪየቭና የሞስኮ ስለነበር እነዚያ ዓመታት ለጡረታዋ አልተቆጠሩም። ዜጋ ብትሆን ይቆጠሩ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ በዜግነት ብቻ የተደረገ አድልዎ ነው አለ።

ሦስተኛው በ2022 መጣ። ሌሎች ሐምራዊ ያዦች ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ሲቀርቡ ፍርድ ቤቱ በ10 ለ7 ድምፅ ለላትቪያ ፈረደ። የእነዚህኞቹ ዓመታት የተሠሩት ከላትቪያ ውጭ ነበር፤ ከወረራ የወጣ አገር ደግሞ ወራሪው በሌላ ምድር ላሠራው ሥራ ዕዳ ላለመቀበል ሰፊ ነጻነት አለው ተባለ። ከአሥራ ሰባት ዳኞች ሰባቱ መለያየታቸው ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይናገራል። ፍርድ ቤቱ የሰዎቹን ጡረታ ሲመዝን የአገሩን ታሪክም በዚያው ሚዛን ላይ አስቀምጧል።

የሦስተኛው በር ገደል

ሦስተኛዋ ጎረቤት በአንድ ወቅት እንደ ሁለተኛዋ ሐምራዊ ፓስፖርት ነበራቸው። ዕድሜያቸው ወደ ጡረታ ሲጠጋ ሒሳብ ሠሩ። በላትቪያ የጡረታ ዕድሜ 62 ደርሶ ወደ 65 ይራመድ ነበር፤ ሩሲያ ግን ያኔ ሴትን በ55፣ ወንድን በ60 ታስወጣ ነበር። የሩሲያ ዜግነት ወሰዱ፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አወጡ፣ ኑሯቸውም በዚያው ደረጃ፣ በዚያው ቤት ቀጠለ። እንደ እሳቸው ያደረጉ ብዙ ሺዎች ናቸው።

ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሆኑ። በሴፕቴምበር 2022 የላትቪያ ምክር ቤት የኢሚግሬሽን ሕጉን አሻሻለ። ከላትቪያ ፓስፖርት ወደ ሩሲያ ፓስፖርት የተሻገሩ ሁሉ ቋሚ ፈቃዳቸው በሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ያበቃል፤ ለመቆየት የሚፈልግ የላትቪያ ቋንቋ በመሠረታዊ ደረጃ መቻሉን በፈተና ያስመስክር አለ። ከ75 ዓመት በላይ የሆኑት ከፈተናው ነጻ ነበሩ። ጉዳዩ ወደ 25,000 ሰዎችን ነካ። በዚያ ዓመት ሪጋ ውስጥ ከፈተና ክፍል በር ላይ የቃላት ደብተር የያዙ የ60 እና የ70 ዓመት ሴቶች ተሰለፉ። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ሙከራ ወደቁ፤ ሞክረው ለወደቁት ተጨማሪ ጊዜ ተሰጠ። በፌብሩዋሪ 2024 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሕጉ የጸና ነው አለ።

ልብ በሉ፤ የሁለተኛው በር እናት ይህ ፈተና አልደረሰባቸውም። ሐምራዊ ያዥ የመኖሪያ ፈቃድ የለውም፤ የሌለው ፈቃድ ደግሞ አይነጠቅም። ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ ፋብሪካ ሠርተው፣ የላትቪያን ቋንቋ እኩል ሳያውቁት ቢያረጁም፣ ከአገር የመባረር ስጋት የገባው የሌላ አገር ዜጋ ከሆኑት ዘንድ ነው። ሀገር አልባ የሚመስለው ሐምራዊ ወረቀት ከባለ ንስሩ ፓስፖርት የጸና ቤት ሆኖ ተገኘ።

ታላቅና ታናሽ

ዛሬ በላትቪያ የሐምራዊ ያዦች ቁጥር ከ200,000 በታች ወርዷል። ከፊሉ ተፈትኖ ዜጋ ሆነ፣ ከፊሉ የሩሲያን ወይም የሌላ አገር ፓስፖርት ያዘ፤ የቀረውን ሞት እየቀነሰው ነው።

ወደ ሁለተኛው በር እንመለስ። እናታችን ሁለት የልጅ ልጆች አሏቸው እንበል። ሁለቱም ወላጆቻቸው ሐምራዊ ያዦች ናቸው። ታላቁ በ2017፣ ታናሿ በ2021 ተወለዱ።

ታላቁ ሲወለድ ወላጆቹ ፈተና የለ፣ ክፍያ የሚያስጨንቅ የለ፣ ‘ዜጋ ይሁን’ ብለው ቢያስመዘግቡት ይበቃ ነበር። አባቱ እንቢ አለ። “ልጁ የተወለደው እዚህ፣ እናቱ የተወለደችው እዚህ። ምኑን ልጠይቅ?” አለ፤ እናም ሕጻኑ ሐምራዊ ፓስፖርት ወጣለት። አባቱ የራሱን ክርክር ለልጁ አወረሰው።

በኦክቶበር 2019 የላትቪያ ምክር ቤት በፕሬዚዳንት ኤጊልስ ሌቪትስ የቀረበውን ሕግ አጸደቀ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ የሚወለድ የሐምራዊ ያዦች ልጅ፣ ወላጆቹ የሌላ አገር ዜግነት ካልመረጡለት በቀር፣ ሲወለድ የላትቪያ ዜጋ ነው። ኢስቶኒያ ተመሳሳይ እርምጃ የወሰደችው በ2016 ነበር። ታናሿ እህት ስትወለድ አባቷን ማንም ምንም አልጠየቀውም። የቤቱ ባለቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያንኳኩበት በሩን ከፈተ።

ሕጉ ግን ወደ ኋላ አይመለስም። በ2019 ማብቂያ የተወለደ ሕጻን ሐምራዊ ሆኖ ቀርቷልና፣ ካልተቀየረ፣ ሐምራዊው ሽፋን እስከዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሊዘልቅ ይችላል። አያቲቱን የለካቸው የ1940 ጁን ነበር፤ የልጅ ልጆቻቸውን የሚለካቸው የ2020 ጃንዋሪ ሆነ። ወንድምና እህት በአንድ አልጋ እየተኙ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የላትቪያን ቋንቋ እየተማሩ፣ የተለያየ ቀለም ያለው ፓስፖርት በአንድ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦላቸዋል። ታላቁ የታናሿን ዓይነት ለማግኘት የሚያስፈልገው አንድ ማመልከቻ ነው፤ አባቱ ግን ዛሬም ብዕሩን አላነሳም።